ዩኒቨርሲቲና ኩባንያ በአቡ ዳቢና በአል አይን፦ ፈጠራው ከየት ይጀምራል?

ጃንዋሪ 16 ቀን 2019 የኢትሃድ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ከአቡ ዳቢ ተነሥቶ ወደ አምስተርዳም በረረ። በቋቱ ውስጥ ከነበረው ነዳጅ ከፊሉ ሳሊኮርኒያ ከሚባል ጨው ወዳድ ተክል ዘር የተጨመቀ ዘይት ነበር። ተክሉ የበቀለው ከአቡ ዳቢ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በምትገኘው በማስዳር ከተማ፣ በሁለት ሄክታር መሬት ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ በረራ ጀርባ ዘጠኝ ዓመት የፈጀ የዩኒቨርሲቲና የኩባንያዎች የጋራ ሥራ አለ። በ2010 የማስዳር ኢንስቲትዩት፣ የአውሮፕላን አምራቹ ቦይንግ፣ ኢትሃድ አየር መንገድና በነዳጅ ማጣሪያ ቴክኖሎጂ የሚታወቀው ሃኒዌል ዩኦፒ ዘላቂ የአቪዬሽን ነዳጅን የሚያጠና የምርምር ጥምረት መሠረቱ። ያነሡት ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ለም መሬትና ጣፋጭ ውሃ በሌለበት በረሃ፣ ከሰው ምግብ ጋር ሳይሻማ፣ የአውሮፕላን ነዳጅ የሚሆን ተክል ማብቀል ይቻላል ወይ? በ2016 ሥራ የጀመረው የሙከራ እርሻ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ነበር። የባሕር ውሃ መጀመሪያ ዓሣና ሽሪምፕ ወደሚረቡባቸው ኩሬዎች ይገባል። ዓሣዎቹ በሚጥሉት ቆሻሻ የዳበረው ውሃ ከዚያ ወደ ሳሊኮርኒያው ማሳ ይፈስሳል፤ ማዳበሪያ መግዛት አያስፈልግም። ተክሉ የሚሻውን ከወሰደ በኋላ የተረፈው ውሃ በማንግሮቭ ዛፎች መካከል አልፎ ይጣራል። ዓሣው ለምግብ፣ ዘሩ ለዘይት ይውላል። ዘይቱም በአድኖክ ማጣሪያ ተጣርቶ ከመደበኛው የጄት ነዳጅ ጋር ተቀላቀለ።

የሁለት ሄክታር ምርት የአንድን አየር መንገድ ጥም እንደማይቆርጥ የታወቀ ነው። ታሪኩ እዚህ የተነሣው በሌላ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጥናቱ በሳይንስ መጽሔት ታትሞ ሊቀር ይችል ነበር፤ ኩባንያዎቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ደግሞ ዕፀዋትን፣ የውሃ ኬሚስትሪንና የዓሣ እርባታን አንድ ላይ የሚያጠና ቡድን ከየት ባገኙ? የግል ዘርፉ ለከፍተኛ ትምህርት ድጋፍ ያደርጋል ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ገንዘብ ነው። በአቡ ዳቢና በአል አይን ያለፈው ሩብ ምዕተ ዓመት ተሞክሮ ሲመረመር ግን ኩባንያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዞት የሚመጣው ትልቁ ነገር ራሱ ሊፈታው ያልቻለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ባለበት ላቦራቶሪው፣ ሥርዓተ ትምህርቱና የተመራቂው ሥራ ተከትለው ይመጣሉ። ጥያቄው በሌለበት የመግባቢያ ሰነድና የፊርማ ሥነ ሥርዓቱ ፎቶግራፍ ይቀራሉ።

ሸሪካ እና ሽርክና

ዐረብኛ ኩባንያን «ሸሪካ» ይለዋል። ቃሉ መካፈልንና መጋራትን ከሚያመለክት ሥር የወጣ ነው፤ አማርኛም ከዚያው ሥር «ሸሪክ» እና «ሽርክና» የሚሉትን ይዟል። ለተርጓሚ ይህ ቀላሉ ነው። የሚከብደው «አል ቂጣዕ አል ኻስ»፣ ማለትም «የግል ዘርፍ» የሚለው ሐረግ ነው። በአቡ ዳቢ ስለ ኩባንያና ዩኒቨርሲቲ ሲነገር ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው አድኖክ የኤምሬቱ መንግሥት ንብረት ነው፤ ሙባዳላ የመንግሥት የኢንቨስትመንት ተቋም ነው፤ ዛሬ «ኢ ኤንድ» በሚል ስም የሚታወቀው ኤቲሳላት አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ቢሆንም ትልቁ ድርሻ የመንግሥት ነው። ሁሉም ግን የሚሠሩት በትርፍና ኪሳራ ስሌት ነው፤ መሐንዲስ ካጡ ምርታቸው ይስተጓጎላል፣ ደንበኛ ካጡ ገቢያቸው ይቀንሳል። ከነሱ ጎን እንደ ቦይንግ፣ ቢቲና አይቢኤም ያሉ ፍጹም የግል የሆኑ የውጭ ኩባንያዎች ይቆማሉ። በዚህ ጽሑፍ «ኩባንያ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ያቅፋል፤ ልዩነቱ ለጉዳዩ በሚያስፈልግበት ቦታ ባለቤቱ ይጠቀሳል።

በነገራችን ላይ ዐረብኛው ለፈጠራ የሚጠቀምበት «ኢብቲካር» የሚለው ቃል ከግዕዙ «በኵር» ጋር አንድ ሥር አለው። መጀመሪያ የተወለደ፣ ቀድሞ የደረሰ ማለት ነው።

ከእጥረት የተወለዱ ኮሌጆች

የአገሪቱ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1976 በአል አይን ሲሆን መሥራቹም ሟቹ ሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን ናቸው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ዩኒቨርሲቲ በ1977 ትምህርት ሲጀምር አራት ፋኩልቲዎች ነበሩት። በ1988 የከፍተኛ ቴክኖሎጂ ኮሌጆች፣ በ1998 ደግሞ ዛይድ ዩኒቨርሲቲ ተከተሉ። ሦስቱም በፌዴራል መንግሥቱ የተገነቡ ናቸው፤ ዋና ዓላማቸውም አዲሲቷን አገር የሚመሩና የሚያስተዳድሩ ዜጎችን ማፍራት ነበር።

ኩባንያዎቹ ወደ ትምህርቱ የገቡት በሌላ በር ነው። ኤቲሳላት የስልክ መስመር ሲዘረጋ የሚያስፈልጉትን መሐንዲሶች እንደ ልብ ስላላገኘ በ1989 በሻርጃ የራሱን የምሕንድስና ኮሌጅ ከፈተ። የነዳጅ ዘርፉም ተመሳሳይ ችግር ነበረበት። በ2000 የተቋቋመውና በቀጣዩ ዓመት ተማሪ መቀበል የጀመረው የፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት የአድኖክ ሐሳብ ነበር፤ ሼል፣ ቢፒ፣ ቶታልና የጃፓን የነዳጅ ልማት ኩባንያ አብረው ቆሙ፤ የትምህርት አጋሩም የአሜሪካው ኮሎራዶ የማዕድን ትምህርት ቤት ነበር። ባለ ነዳጅ ኩባንያዎች በአንድ ተቋም ውስጥ ሸሪክ መሆናቸው ለተማሪው ትርጉም ነበረው። በመማሪያ ክፍል የሚሰማው ስለ አለት ግፊትና ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ ያለ ትምህርት ጥቂት ሰዓት ርቆ ባለ የነዳጅ መስክ ላይ በየቀኑ የሚገጥም ጉዳይ ነበር።

እንዲህ ያለ ኮሌጅ ድክመትም አለው። ለአንድ ቀጣሪ ተብሎ የተሰፋ ልብስ ሌላው ላይ ላይሄድ ይችላል። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ወይም ቴክኖሎጂው ሲለወጥ ጠባብ ሙያ የያዘው ተመራቂ መንገድ ላይ ይቀራል። አቡ ዳቢ ለዚህ የሰጠችው መልስ ማዋሐድ ነበር። የኤቲሳላት ኮሌጅ በ2007 ወደ ኸሊፋ ዩኒቨርሲቲ ተለወጠ፤ በ2017 ደግሞ ኸሊፋ ዩኒቨርሲቲ፣ የፔትሮሊየም ኢንስቲትዩትና የማስዳር ኢንስቲትዩት በአንድ ስም ተጠቃለሉ። በነዳጅ ኩባንያ፣ በቴሌኮም ኩባንያና በታዳሽ ኃይል ኩባንያ ጥላ ሥር ያደጉ ሦስት ተቋማት አንድ ቤተ መጻሕፍትና አንድ የፕሮፌሰሮች ጉባኤ ኖራቸው። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከሁሉ የበሰለው ውሳኔ ይህ ነው፦ የኩባንያው ጥያቄ እንደተጠበቀ ሆኖ ተማሪው ከአንድ ቀጣሪ ጥገኝነት ወጣ።

የኸሊፋ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች የዚህን ውርስ ምልክት እስከ ዛሬ ይዘዋል። ኤቲሳላት፣ የብሪታኒያው ቢቲና ዩኒቨርሲቲው በ2009 ያቋቋሙት የኢብቲክ ማዕከል በኔትወርክና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ይመራመራል። ከሙባዳላ ጋር በ2012 የተጀመረው የአቪዬሽን ምርምር ማዕከል ደግሞ ስለ ቀላልና ጠንካራ ቁሶች ያጠናል። ቁሶቹን በፋብሪካ ለማየት ወደ አል አይን መሄድ ያስፈልጋል።

ካርቦን ፋይበርና ሳተላይት በአል አይን

አል አይንን የሚያውቃት አንባቢ የሚያስበው የቴምር ዛፎቿን፣ ጀበል ሀፊትንና የግመል ገበያዋን ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያዋ አጠገብ ባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ግን በ2009 የተቋቋመውና በቀጣዩ ዓመት ማምረት የጀመረው ስትራታ ለኤርባስና ለቦይንግ የአውሮፕላን ክፍሎች ይሠራል። የኢማራት ዜጋ ከሆኑት ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ጨርቅ መስፋት ይመስላል። ቀጫጭን የካርቦን ፋይበር ንጣፎች በሻጋታ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራሉ፤ የእያንዳንዱ ክር አቅጣጫ አስቀድሞ የተሰላ ነው። ከዚያ ኦቶክሌቭ በሚባል ግዙፍ የግፊት ምድጃ ውስጥ ይጋገራሉ። በንጣፎቹ መካከል ትንሽ የአየር አረፋ ከቀረች ክፍሉ ይዳከማል፤ አረፋዋ ደግሞ በዓይን አትታይም፤ በድምፅ ሞገድ ትፈለጋለች። ይህን ዕውቀት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ መቅሰም አይቻልም። ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለውን ምድጃ ለማስተማሪያ ብቻ ልግዛ ቢል በጀቱ አይፈቅድለትም፤ ፋብሪካው ደግሞ አረፋዋ ለምን እንደተፈጠረች፣ ሙቀቱ ቢስተካከል ትጠፋ እንደሆነ በትዕግሥት የሚመረምር ሰው ከየዕለት ምርቱ ላይ መቀነስ ይከብደዋል። ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ የፋብሪካው ችግር ይሆናል።

እዚያው ከተማ፣ በኤምሬትስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በ2016 የተቋቋመ ብሔራዊ የጠፈር ሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከል አለ። ከማዕከሉ ጀርባ የኤምሬትስ የጠፈር ኤጀንሲ አለ፤ ሳተላይት የሚገጣጠምበትንና የሚፈተሽበትን ክፍል በማደራጀት ረገድ ደግሞ የኤርባስ ልምድ ገብቶበታል። «813» የተባለው ሳተላይት ከልዩ ልዩ የዐረብ አገሮች በመጡ መሐንዲሶች የተሠራው እዚህ ነው። ስሙ አል መእሙን ሥልጣን የያዘበትን ዓመት ያስታውሳል፤ በእሱ ዘመን የጥበብ ቤት የተባለው የትርጉምና የጥናት ማዕከል ገንኖ ነበር። የጠፈር ሥራ ትርፍ የሚያስገኘው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ መንግሥት ወጪውን ባይሸከም ኩባንያ ብቻውን በሩን ባላንኳኳ ነበር። የግል ዘርፉ ሁሉን ይመራል ለሚሉ ሰዎች ይህ ልብ የሚባል ነው።

ቋንቋ ያነሰው ማሽን

በአሁኑ ጊዜ የኩባንያና የዩኒቨርሲቲ ጉድኝት እጅግ የፈጠነው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍ ነው። መሐመድ ቢን ዛይድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዩኒቨርሲቲ በኦክቶበር 2019 ይፋ ተደርጎ በ2021 መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች በማስዳር ከተማ ተቀበለ። ፕሬዚዳንቱ ኤሪክ ሺንግ ከአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ምሁር ናቸው። የአቡ ዳቢው ኩባንያ ጂ42 እና ትልልቅ የኮምፒውተር ቺፖችን የሚሠራው የአሜሪካው ሰሬብራስ የዩኒቨርሲቲው የቅርብ ሸሪኮች ሆኑ።

የጉድኝቱ ታዋቂ ፍሬ በኦገስት 2023 የወጣው ጃይስ ነው። ጃይስ ዐረብኛ የሚጽፍና የሚመልስ የቋንቋ ሞዴል ሲሆን ስሙን ያገኘው የአገሪቱ ከፍተኛ ከፍታ ካለበት ከጀበል ጃይስ ነው። ዩኒቨርሲቲው፣ የጂ42 አካል የሆነው ኢንሴፕሽንና ሰሬብራስ አብረው ሠሩት፤ 13 ቢሊዮን መለኪያዎች ነበሩት፤ ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበትም በነጻ ተለቀቀ። ጥያቄው ምን ነበር? ዐረብኛ በመቶ ሚሊዮኖች የሚነገር ቋንቋ ሆኖ ሳለ በኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የተገኘው 116 ቢሊዮን የዐረብኛ የቃል ቁራጭ ብቻውን ብርቱ ሞዴል ለማሠልጠን አይበቃም ነበር። ተመራማሪዎቹ 279 ቢሊዮን የእንግሊዝኛ ቁራጭ ጨምረው ሁለቱን አብረው አሠለጠኑ፤ ማሽኑ ከእንግሊዝኛው የቀሰመው ዕውቀት ወደ ዐረብኛው እንዲሻገር አደረጉ። የማስላት ኃይሉ የኩባንያዎቹ ነበር። ቁራጮቹን ማመጣጠኑ፣ ውጤቱን መፈተኑና ስሕተቱን ማረሙ ግን በዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ዩኒቨርሲቲውና ጂ42 ኬ2 ቲንክ የተባለ፣ 32 ቢሊዮን መለኪያ ያለው፣ በስሌትና በአመክንዮ ላይ ያተኮረ ሞዴል አወጡ።

ይህ ጉዳይ አማርኛ ተናጋሪውን በቀጥታ ይነካዋል። ዐረብኛ ጽሑፍ አነሰው ከተባለ የአማርኛውን መገመት አያዳግትም። በዚያ ላይ ፊደላችን ራሱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ኮምፒውተር የላቲኑን ፊደል በአንድ ባይት ሲያስቀምጥ የግዕዙን አንድ ፊደል በሦስት ባይት ያስቀምጠዋል፤ ለእንግሊዝኛ ተብለው የተዘጋጁ ብዙ ሞዴሎችም አንዷን የአማርኛ ቃል እየሰባበሩ ነው የሚያነቧት። ውጤቱ ዝግታ፣ ወጪና ስሕተት ነው። የጃይስ ልምድ የሚያስተምረው መንገድ አለ፤ አማርኛ ከዐረብኛ ጋር የሴም ቋንቋዎች ቤተሰብ አባል በመሆኑም ቃል የሚረባበት ሥርዓት ይቀራረባል። ያልተገኘው ጥያቄውን የእኔ ብሎ የሚያነሣ ኩባንያ ነው። የሐዋላ፣ የስልክና የአየር መንገድ ኩባንያዎች በየዕለቱ ከአማርኛ ተናጋሪ ደንበኞች ጋር ይነጋገራሉ፤ ጥያቄው በእጃቸው ነው ማለት ይቻላል።

ንግድ የሆነ ትምህርት፣ ከንግድ የተገኘ በጎ አድራጎት

ከምርምር ሽርክናው የተለየ ሌላ መልክም አለ፤ ትምህርቱ ራሱ በግል ተቋም የሚሰጥበት። አቡ ዳቢ ዩኒቨርሲቲ በ2003፣ አል አይን ዩኒቨርሲቲ በ2004 ተመሠረቱ፤ ሁለቱም በሁለቱ ከተሞች ግቢ አላቸው። በነዚህ ተቋማት የሚማሩት ከብዙ አገር የመጡ የነዋሪዎች ልጆች ናቸው። እዚህ ተወልዶ ወይም አድጎ ለዩኒቨርሲቲ የደረሰ ኢትዮጵያዊ ወጣትም በአብዛኛው የሚያንኳኳው የነሱን በር ነው። ክፍያው ከቤተሰቡ ኪስ ስለሚወጣ ወላጅ ውጤቱን በጥብቅ ይጠይቃል፤ ይህ ግፊት ለተቋማቱ የራሱ የሆነ ማነቃቂያ ነው።

በሌላ በኩል የማሽረቅ ባንክ መሥራች አብዱላ አል ጉሬር በ2015 ከሀብታቸው አንድ ሦስተኛውን፣ 4.2 ቢሊዮን ድርሃም፣ ለትምህርት የሚውል ፋውንዴሽን አቋቋሙበት። ፋውንዴሽኑ የነጻ ትምህርት ዕድል ከመስጠት አልፎ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ጥራት እንዲኖረውና ዕውቅና እንዲያገኝ ከትምህርት ሚኒስቴርና ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሠርቷል። ነጋዴ በውርስ ሊያስተላልፈው የሚችለውን ሀብት ለማያውቃቸው ወጣቶች መመደቡ በእኛም ባህል የሚከበር ሥራ ነው።

«42 አቡ ዳቢ» ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። አባት ትምህርት ቤቱን በ2013 በፓሪስ የከፈተው የቴሌኮም ነጋዴው ዣቪየ ኒየል ነው። የአቡ ዳቢው በ2020 በሚና ዛይድ ሥራ ጀመረ። የትምህርት ክፍያ የለም፤ መምህርና የመማሪያ መጽሐፍም የለም፤ ተማሪዎች ችግር እየተሰጣቸው እርስ በርስ እየተማማሩና አንዱ የሌላውን ሥራ እያረመ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ይለምዳሉ። መግቢያው አራት ሳምንት ገደማ የሚፈጅ ፈተና ሲሆን ስሙ በፈረንሳይኛ «መዋኛ» ማለት ነው፤ የገባ ወይ ይዋኛል ወይ ይወጣል። የቀድሞ ዲግሪ አይጠየቅም። ይሁን እንጂ ሙሉ ጊዜ ለሚሠራ ሰው እነዚያን ሳምንታት ከሥራው ላይ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ሳይታለም የተፈታ ነው።

ማን ይመዝነዋል?

የከፍተኛ ትምህርትና ሳይንሳዊ ምርምር ሚኒስቴር በቅርብ ዓመታት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመዝንበት ሥርዓት ወደ ውጤት አዘንብሏል። ከመቶው 25 የሚሰጠው ተመራቂዎች ለሚያገኙት ሥራ፣ ሌላ 25 ለትምህርት ውጤት ሲሆን 20 ደግሞ ተቋሙ ከኢንዱስትሪ ጋር ላለው ትብብር ነው፤ ምርምር፣ ዝናና የማኅበረሰብ አገልግሎት ቀሪውን ይካፈላሉ። ስለዚህ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የኩባንያ ሸሪክ መፈለግ ከበጎ ፈቃድ ወደ ደረጃ መመዘኛ ተሸጋግሯል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሥጋቱም መነገር አለበት። ኩባንያ የሚከፍለው ለሚፈልገው ነው። የነገን ሳይሆን የዛሬን ጎደሎ ይሞላል። ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ንጹሕ ሒሳብ የሚጠና ከሆነ ደጅ የሚጠና ኩባንያ ብዙ አይገኝም፤ ሆኖም ያለ ቋንቋ ሊቃውንት ጃይስ ባልተሠራ ነበር። የውጤቱ ባለቤትነትም አከራካሪ ነው፦ በኩባንያ ገንዘብ የተገኘ ግኝት የማን ነው? የዶክትሬት ተማሪ ጥናቱን ለማሳተም የኩባንያውን ፈቃድ መጠበቅ አለበት ወይ? በብዙ አገር እነዚህ ጉዳዮች በውል አስቀድመው ይለያሉ፤ ውሉን ሳያነብ የሚፈርም ተማሪ ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

በዚህ ረገድ ጀርመን ረጅም ልምድ አላት። በ1974 በባደን ቩርተምበርግ ግዛት እንደ ዳይምለር ቤንዝና ቦሽ ያሉ ኩባንያዎች የጀመሩት ሥርዓት ተማሪው ጥቂት ወራት በትምህርት ቤት፣ ጥቂት ወራት በፋብሪካ እየተፈራረቀ እንዲማር ያደርጋል፤ ኩባንያው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ደመወዝ ይከፍለዋል። ኢትዮጵያውያን «የትብብር ሥልጠና» የምንለው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። በኢትዮጵያም ለአቡ ዳቢው የሚመሳሰል ምሳሌ አለ፤ በመንግሥት ባለቤትነት ሥር ሆኖ በንግድ ሥርዓት የሚሠራው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪና ቴክኒሺያን ለዓመታት ሲያሠለጥንበት የኖረውን አካዳሚ ወደ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አሳድጎታል። ጥያቄው ከየዕለቱ በረራ ስለሚመነጭ ትምህርቱ ከሥራው አይርቅም።

ለተማሪና ለወላጅ

በአቡ ዳቢ ወይም በአል አይን ልጁን ለማስመዝገብ ወይም ራሱ ለመማር የሚያስብ ነዋሪ መጀመሪያ ማረጋገጥ ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ ተቋሙ ፈቃድ እንዳለውና የሚማርበት የትምህርት መስክ ራሱ ዕውቅና እንዳገኘ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ፈቃድ ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕውቅና ያልጨረሰ መስክ ሊኖር ይችላል። በ2000 የተቋቋመው የአካዳሚክ ዕውቅና ኮሚሽን የሁለቱንም ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ኩባንያ የሚሰጠው የሥልጠና ምስክር ወረቀት ለሥራ ሊጠቅም ይችላል፤ ዲግሪ ግን አይደለም፤ በዲግሪ ቦታም አይተካም።

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ አመልካች ማስረጃው በኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በአዲስ አበባው የኤምሬትስ ኤምባሲ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ከዚያም እዚህ የአቻ ግምት ይጠየቅለታል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ምዝገባ እስኪደርስ አለመጠበቅ ይበጃል።

የዩኒቨርሲቲውን የኩባንያ ሸሪክ በተመለከተ ለምዝገባ ክፍል የሚቀርቡ ጠቃሚ ጥያቄዎች አሉ። ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪዎች በየትኛው ኩባንያ፣ ለስንት ሳምንት ሠለጠኑ? ሥልጠናው በውጤት ይመዘናል ወይስ ለቅጽ መሙያ ነው? የመመረቂያ ሥራቸው ከኩባንያ ችግር የተነሣ ተማሪዎች አሉ? በግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የአርማ ብዛት ይልቅ የእነዚህ መልስ ብዙ ይናገራል። ተማሪው ወደ ሥልጠና ሲወጣም ኩባንያው ከሰው ሀብትና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር የተማሪ ሥልጠና ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ያለ ፈቃድ የሚደረግ «ልምምድ» በሕግ ፊት ያለ ፈቃድ መሥራት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። በነጻ የንግድ ቀጣና ያሉ ኩባንያዎች የየራሳቸው አሠራር አላቸው።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለሚሆኑት የመሐመድ ቢን ዛይድ ዩኒቨርሲቲ ለተቀበላቸው የትምህርት ክፍያቸውን ሸፍኖ የኪስ ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ውድድሩ ግን ብርቱ ነው፤ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ዝግጅት ይጠይቃል።

ከዚህ ቀለል ያለ መነሻ ለሚሹ ደግሞ ሁለቱን አገሮች ያገናኘ አንድ ሥራ አለ። በጁላይ 2024 ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብርን ጀመረች። መነሻው ዱባይ በ2017 የጀመረችው የአንድ ሚሊዮን ዐረብ ኮደሮች መርሐ ግብር ሲሆን በሁለቱም ትምህርቱን ያዘጋጀው ዩዳሲቲ የተባለው የአሜሪካ የግል ኩባንያ ነው። የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ግንባታና የመረጃ ሳይንስ መሠረታውያን በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣሉ፤ የጨረሰም ምስክር ወረቀት ያገኛል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው።